ሻንጣ ሙሉ ወታደር

በመስቀል ሰሞን፣ ቺካጎ አጠገብ ሻውምበርግ በምትባለው ከተማ፣ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ በሩን የሚዘጋ እንግዳ አልነበረም። በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው ግራና ቀኝ የሚያየው አልጋ ነው፤ አልጋው ላይ ግን የተኛ የለም። አንሶላው ተወጥሮ በላዩ የናፖሊዮን ዘበኞች፣ የስኮትላንድ ቀሚስ ለባሾች፣ የህንድ ፈረሰኞች፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሰማያዊና ግራጫ ለባሾች ተሰልፈው ቆመዋል። ቁመታቸው ከሌባ ጣት አይበልጥም። ባለቤታቸው ወንበር ስቦ፣ ቢራውን ይዞ የሚገባውን ይጠብቃል። "ግባ፣ ግባ፣ አንሥተህ እይ" ይላል። ዕቃው ይሸጣል፣ ይለወጣል፤ ከሁሉ በላይ ግን ይወራበታል። ትልቁ ገበያ አዳራሹ ውስጥ የሚቆመው እሑድ ነው። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ግን ቀናት ቀደም ብሎ ገብቶ ከክፍል ክፍል ሲዞር ይሰነብትና፣ እሑድ ጠዋት ሌላው በር ላይ ሲሰለፍ እሱ ሻንጣውን ይሸክፋል።

እኔን እዚያ የወሰዱኝ አንድ የለንደን ሽማግሌ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ራሳቸውም ሳጥናቸው ላይ እንኳ እንዲጻፍ አይፈልጉም ነበር። እኔ ጋሼ ነበር የምላቸው። የእርሳስ ወታደር ሠሪ ነበሩ፤ የልጆች አሻንጉሊት የነበረውን፣ በኋላ ግን የሽማግሌዎች ሆኖ የቀረውን ያንን የሚያብረቀርቅ ትንሽ ሰው።

የተዋወቅነው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዋልታምስቶው በሚባለው የለንደን ሰፈር ክፍል ተከራይቼ ስኖር ጎረቤቴ ነበሩ። አገር ቤት ሳለሁ ታፔላ ጻፊ ነበርኩ፤ የሥጋ ቤት፣ የልብስ ስፌት፣ የፎቶ ቤት ስም በዘይት ቀለም እየጻፍኩ ነው ያደግኩት። ይህን ሲሰሙ እጄን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩና ጣቶቼን አዩ። "ይንቀጠቀጣል?" አሉኝ። "አይንቀጠቀጥም" አልኳቸው። ቅዳሜ መጥተህ አሳየኝ አሉ። ኢትዮጵያዊ ነኝ ስላቸው ደግሞ ከእጄ ቀጥለው ያዩት እግሬን ነው። ምክንያቱን ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

ዋልታምስቶው ለዚህ ሙያ ባዕድ ሰፈር አይደለም። ብሪተንስ የተባለው ስመ ጥር የእንግሊዝ አሻንጉሊት ቤት በ1930ዎቹ ትልቁን ፋብሪካውን ያቆመው እዚያ ነበር። ቤቱ የተነሣው ግን ቀደም ብሎ፣ ሰሜን ለንደን ውስጥ፣ ከአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ነው። እስከ 1890ዎቹ ድረስ የእንግሊዝ ልጅ የሚጫወትበት ወታደር በአመዛኙ ከጀርመን የሚመጣ ነበር፤ ወይ ጠፍጣፋው የኑረምበርግ የቆርቆሮ ምስል፣ ወይ እንደ ድሬስደኑ ሀይደ ያሉ ቤቶች የሚሠሩት ድፍን ወታደር። ድፍኑ ብዙ እርሳስ ይበላል፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው። በ1893 ዊልያም ብሪተን ልጅየው አንድ ዘዴ አመጣ። የቀለጠውን እርሳስ ሞልድ ውስጥ ያፈሰዋል፤ የሞልዱን ግድግዳ የነካው ወዲያው ይረጋል፤ መሃሉ ገና ፈሳሽ ሳለ ገልብጦ ያፈሰዋል። የሚቀረው ውስጡ ባዶ የሆነ ወታደር ነው፤ ቀላል፣ ርካሽ፣ 54 ሚሊሜትር የሚቆም። ስምንት እግረኛ ወይም አምስት ፈረሰኛ በአንድ ቀይ ሳጥን። ሙሉ ሳጥን መግዛት የማይችል ልጅ ከሱቁ ነጠላ ወታደር ይገዛል። ጀርመኖቹ ቀስ በቀስ ከእንግሊዝ ገበያ ተገፉ። ሀይደማ በ1945 ድሬስደን ስትደበደብ አብሮ ወደመ፤ ከዚያ ወዲህ አልተነሣም።

ያን ጊዜ ይህ ነገር የልጅ ጨዋታ ብቻ ነበር ማለትም አይቻልም። ቸርችል በልጅነቱ ወደ 1,500 የሚጠጉ ወታደሮች ነበሩት። አባቱ አንድ ቀን ገብተው ሰልፉን ካዩ በኋላ ጦር ሠራዊት መግባት ትፈልግ እንደሆነ እንደጠየቁትና ዕድሉም በዚያው እንደተወሰነ ራሱ በትዝታ መጽሐፉ ጽፎታል። ኤች ጂ ዌልስ ደግሞ በ1913 ወለል ላይ በእርሳስ ወታደሮች የሚካሄድ ጦርነት ሕጉን አውጥቶ መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ። ትልልቅ ሰዎች፣ ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ አቧራ እስኪሆን ተንበርክከው፣ በሞላ ኃይል የእንጨት ጥይት በሚተፋ ትንሽ መድፍ ይታኮሳሉ። በዓመቱ እውነተኛው ጦርነት መጣ።

የጋሼ እናት ለብሪተንስ ቀለም ቀቢ ነበሩ፤ ሥራውን ቤት ወስደው የሚሠሩ፣ በቁራጭ የሚከፈላቸው። እራት ከተነሣ በኋላ ያው ጠረጴዛ ላይ ቀይ ኮት፣ ጥቁር ሱሪ፣ ነጭ ቀበቶ ይቀቡ ነበር። ልጃቸው ቀለም እየሸተተው ነው እንቅልፍ የሚወስደው።

ፋብሪካው የዓለምን ጦር ሁሉ ይሠራ ነበር። ጋዜጣ ላይ የወጣ ጦርነት ብዙ ሳይቆይ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ የቦር ጦርነት ሲነሣ ቦሮቹ መጡ፣ ሩሲያና ጃፓን ሲዋጉ ሁለቱም መጡ። በ1935 ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር የእኛም ተራ ደረሰ። በካታሎጉ ቁጥር 1424 የንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ ነው፤ ቁጥር 1425 ነጭ የለበሰ ባላገር ተዋጊ። ባዶ እግራቸውን ናቸው። ጥቂት ቁጥሮች አለፍ ብሎ ኢጣሊያኖቹ በየራሳቸው ሳጥን ተቀምጠዋል። እንግዲህ ጋሼ ኢትዮጵያዊ ነኝ ስላቸው እግሬን ያዩት ለዚህ ኖሯል።

ያን ጊዜ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ኢትዮጵያን ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ ኢጣሊያኖቹ የታላቅ ወንድማቸው ነበሩ። ጦርነቱ የሚካሄደው ሳሎን ምንጣፍ ላይ፣ በምድጃውና በመስኮቱ መሃል ነው። "ማን አሸነፈ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "እናቴ" አሉ፤ "መጥረጊያዋን ይዛ ስትመጣ ሁለታችንም ሸሸን።" በ1936 ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደው እንግሊዝ ሲገቡ ሕዝቡ ዋተርሉ ጣቢያ ወጥቶ ተቀበላቸው። አባታቸው እጃቸውን ይዘው እዚያ ወስደዋቸው ነበር። ልጁ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ዓይነት ሰው ነበር የሚጠብቀው። በሰው ትከሻ መሃል ያየው ግን ካባ የደረቡ፣ ጫማ ያደረጉ፣ ፊታቸው የደከመ አንድ ቀጭን ሰው ነው። ይህን ሲነግሩኝ ብሩሻቸውን አላስቀመጡም፤ የአንድ ከበሮ መቺ ከበሮ እየቀቡ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው፤ ብዙ የሚያስደስት የለውም። ፕላስቲክ መጣ። እርሳስ ለልጅ መርዝ ነው ተባለ፤ እውነትም ነው። ብሪተንስ የእርሳስ ወታደር ማምረቱን በ1966 አቆመ። ቀዩ ሳጥን ከሱቅ ሲጠፋ ያደጉት ልጆች መፈለግ ጀመሩ፤ ከ1970ዎቹ ወዲህም በእንግሊዝ ጓሮ ጓሮውን ትናንሽ ሠሪዎች ብቅ ብቅ አሉ። ማተሚያ ቤት ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩት ጋሼም ጡረታቸውን ሳይጠብቁ ወጥተው ከነዚህ አንዱ ሆኑ።

ጓሮ ያለችው የእንጨት ቤት ሁለት ሰው አታስቆምም። አንዱ ሲቀባ ሌላው ውጭ ይጠብቃል ማለት ይቻላል። ጋሼ መጀመሪያ ሰውየውን በእጃቸው ይቀርጹታል፤ ማስተር ይባላል። ማስተሩ በሁለት ክብ ጥሬ ጎማ መሃል ይገባና በሙቀትና በግፊት ይበስላል። ጎማው ሲከፈት የሰውየው ቅርጽ ከነቁልፉ ታትሞ ይቀራል። ያ ክብ ጎማ የሚሽከረከር ማሽን ላይ ይታሰራል። የቆርቆሮ፣ የእርሳስና የአንቲሞኒ ቅይጥ ቀልጦ መሃሉ ላይ ሲፈስ ሽክርክሪቱ እስከ ጠመንጃው ጫፍ ድረስ ይገፋዋል። ማሽኑ ቆሞ ጎማው ሲከፈት ወታደሮቹ ዙሪያቸውን፣ እግራቸው ወደ መሃል፣ ራሳቸው ወደ ውጭ ሆኖ ይወጣሉ፤ ብርማ፣ ትኩስ፣ ገና ፊት የሌላቸው።

ከዚያ የኔ ሥራ ይጀምራል። ትርፉን ቆርጦ፣ ስፌቱን በሞረድ አስተካክሎ፣ ነጭ መደብ ቀለም ማልበስ። አንድን ሰው ጀምሮ መጨረስ የለም፤ በመጀመሪያ የሁሉም ሥጋ መልክ፣ ቀጥሎ የሁሉም ቀይ ኮት፣ ከዚያ የሁሉም ሱሪ ነው። ማክሰኞ ቤቱን የሚጎበኝ ሰው ጭንቅላት ብቻ ያለው ጦር ያያል፤ ሐሙስ የመጣ ቀይ ጦር፤ ዓርብ የመጣ ሙሉ ጦር፣ ግን ዕውር። ዓይን መጨረሻ ነው፤ በብሩሽ አይሠራም፣ በስቴኪኒ ጫፍ ሁለት ነጥብ ነው። አንዱ ነጥብ ትንሽ ከተዛነፈ ወታደሩ የሰከረ ይመስላል፤ ሰክሮ የተገኘ ወታደር ወደ ማቅለጫው ይመለሳል። ጉንጩ ላይ ቀላ ያለች ነጥብ ትጨመርና በላዩ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይቀባል። ጥላ የለም፣ ጭቃ የለም፣ ደም የለም። እንደዚያ ነው የድሮው ሥርዓት። ሲደርቅ የጋሼ ባለቤት፣ እትዬ፣ ሳጥኑ ውስጥ ካለው ካርቶን ጋር ወገብ ወገባቸውን በክር ያስሯቸዋል። እጃቸው ፈጣን ነበር፤ ቴሌቪዥን እያዩ ነው የሚያስሩት።

ጉዞው የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነው። እርሳስ መክበዱ ብቻ ሳይሆን ራጅም አያሳልፍም። ኤርፖርት ሻንጣው በማሽኑ ሲያልፍ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነገር ብቻ ይወጣል። አንድ ጊዜ አንዱ ፈታሽ ወደ ጎን ወስዶን "ምንድን ነው የያዛችሁት?" አለ። ጋሼ "ወታደሮች" አሉ። "ስንት?" "ሁለት ሻለቃ ቢሆኑ ነው።" ሰውየው አልሳቀም። ሳጥኑ ሁሉ ተከፈተ፣ የእትዬ ክር ተፈታ፣ ዘበኞቹ አንድ በአንድ ወጥተው የብረት ጠረጴዛ ላይ ቆሙ። መጨረሻ ላይ ግን ሌላ ፈታሽ ጠርቶ ያሳየው ጀመር፤ እሱም ሦስተኛ ጠራ። አውሮፕላኑ ሊያመልጠን ምንም አልቀረውም ነበር። እንደገና ማሰሩ የሆቴል ክፍል ውስጥ የኔ ዕጣ ሆነ፤ ለካ እንደ እትዬ ማሰር ቀላል አይደለም።

ጀርመንም ሄደናል። ባቫሪያ ውስጥ ኩልምባክ በምትባል የቢራ ከተማ፣ በየሁለት ዓመቱ ነሐሴ ወር ላይ የቆርቆሮ ምስል ገበያ ይቆማል። ከከተማው በላይ ፕላሰንቡርግ የተባለ ትልቅ ምሽግ አለ፤ እዚያ ያለው ቤተ መዘክር ወደ 300,000 የሚደርሱ ምስሎች ይዟል። ጀርመኖቹ የጠበቁት ጠፍጣፋውን ነው። ሞልዱ ጎማ ሳይሆን ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ቀራጩ በአጉሊ መነጽር ጎንበስ ብሎ፣ ቀኙን ግራ፣ ጉብታውን ጎድጓዳ አድርጎ እያሰበ ይቆረቁረዋል። የኑረምበርጉ ሃይንሪክሰን ቤት ያስለመደው ቁመት 30 ሚሊሜትር ነው፤ በዚያች ቁመት ላይ የፈረስ ልጓም ምስማር ሳይቀር ይታያል። የጠፍጣፋው ሰዎች ለእኛ ለድቡልቡሉ ትሑት ናቸው፤ ግን ትሕትናቸው ለልጅ የሚሰጥ ዓይነት ነው። ጋሼ ይህን ስለሚያውቁ ኩልምባክ ሲሄዱ ብዙ ወታደር አይዙም ነበር። የሚሄዱት ድንጋዩን ለማየት ነው። አንድ ሸምገል ያለ ቀራጭ ድንጋዩን አውጥቶ ቢሰጣቸው፣ በአውራ ጣታቸው ጎድጓዳውን እየዳበሱ ረጅም ጊዜ ሲያወሩ አይቻለሁ። ቋንቋ አይግባቡም ነበር።

ቺካጎ ግን ሌላ ነው። እዚያ ጋሼ የሚሄዱት፣ እንደኔ እንደኔ፣ ሊሸጡ ሳይሆን ሊወቀሱ ነበር። የአውሮፕላኑና የሆቴሉ ሒሳብ ሲወጣለት ከሽያጩ የሚተርፈው ለእትዬ ስጦታ ቢበቃ ነው። ገዢዎቹ በደብዳቤ ማዘዝ ይችሉ ነበር፤ ያዝዙም ነበር። በደብዳቤ ሰው ጨዋ ነው፤ ፊት ለፊት ሲገናኝ ግን እውነቱን ይናገራል።

አንዱን ላንሣ። ከኦሃዮ የሚመጡ፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ነበሩ። የመጀመሪያ ሥራቸው ጋሼን ማቀፍ ነው፤ ሁለተኛው አጉሊ መነጽራቸውን ማውጣት። የእንግሊዝ ንጉሣዊ እግረኛ ዘበኞች አምስት ሬጅመንት ናቸው፤ ከሩቅ ሁሉም ቀይ ኮትና ትልቅ ጥቁር የጸጉር ቆብ ነው። የሚለያዩት በቁልፋቸው አቀማመጥ ነው። ግሬናዲየር ነጠላ ነጠላ፣ ኮልድስትሪም ሁለት ሁለት፣ ስኮትላንድ ሦስት ሦስት፣ አየርላንድ አራት አራት፣ ዌልስ አምስት አምስት። ቆባቸው ላይ ያለው ላባም ይለያል፤ የግሬናዲየር ነጭ በግራ፣ የኮልድስትሪም ቀይ በቀኝ፣ ስኮትላንዶች ጭራሽ የላቸውም። ያን ዓመት ጋሼ ያመጡት ኮልድስትሪም ላባው ቀይ፣ በቀኝ በኩል፣ እንከን የለውም። መምህሩ ሰውየውን ወደ መብራቱ አስጠግተው ደረቱን አዩ፣ ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ። "ወዳጄ" አሉ፤ "ይህ ሰው ከአንገት በላይ ኮልድስትሪም ነው፤ ከአንገት በታች ግሬናዲየር።"

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ መጥቶ አየ። አንድ የጥርስ ሐኪም ጋሼን ሊከላከል ሞከረ፤ ሌላው ደግሞ በአንድ ወቅት የብሪተንስ ሰዎችም እንዲህ ያደርጉ ነበር ብሎ ጉዳዩን ወደ ታሪክ ወሰደው። ጋሼ ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው ጻፉ። ፊታቸው ላይ ቅያሜ አልነበረም፤ እንዲያውም የተደሰቱ ይመስሉ ነበር። ለንደን እንደተመለስን ማስተሩን አውጥተው ቁልፎቹን ፍቀው ሁለት ሁለት አድርገው ተከሉ፤ የጎማውን ሞልድ ጣሉት። በሚቀጥለው ዓመት መምህሩ ሲያዩት ዝም ብለው አንድ ሳጥን ገዙ። ዋጋ አልተከራከሩም። ከዚያ በላይ ምስጋና የሚባል ነገር በዚያ ኮሪደር አላየሁም።

ቁጥር 1425ን ያየሁትም እዚያው ነው። ክፍሉ ውስጥ አንድ ከሲታ ሰውዬ ለብቻቸው ተቀምጠዋል፤ አልጋቸው ላይ ብዙ ሳጥን የለም። ጋሼ ገና ከበሩ አዩትና ክንዴን ያዙኝ። ቀዩ ወረቀት የደበዘዘ ሳጥን ነው፤ ክዳኑ ጎን ተቀምጧል፤ ውስጡ ሰባት ነጭ ለባሾች፣ ስምንተኛው የነበረበት ቦታ ላይ ሁለት የክር ቀዳዳ። እኔ ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ ጦር የምናሰልፈው በቆርኪ ነበር፤ የሚሪንዳው ቆርኪ የአንዱ ሠራዊት፣ የቢራው የሌላው። የእርሳስ ወታደር አይቼ አላውቅም ነበር፤ የራሴን አገር ሰው በእርሳስ ማየትማ ጭራሽ። አንዱን ሰውዬው አንሥተው መዳፌ ላይ አቆሙልኝ። ቀለሙ ክርኑ ላይ ተልጦ እርሳሱ ይታያል። እግሮቹ ጣት ጣት ብለው ተለይተዋል። ፊቱን የቀባችው ሴት፣ ምናልባትም የዋልታምስቶው ሴት፣ ኢትዮጵያዊ አይታ አታውቅ ይሆናል፤ ዓይኑን ግን አላዛነፈችውም።

አያቴ ማይጨው ዘምተው የተመለሱ ናቸው። ስለ አውሮፕላኑ፣ ቆዳ ስለሚልጠው ጋዝ፣ ስለ ውሃው ይናገሩ ነበር፤ ስለ ሰልፍ ሲናገሩ አልሰማሁም። እነዚህ ሰባቱ ግን ተሰልፈው በአንድ እግር ይራመዳሉ። ሳጥኑ ውስጥ ጋዝ የለም። ሰውዬው ዝምታዬን አይተው ስለ ልብሱ ጠየቁኝ። ነጠላ እንዴት እንደሚጣፋ፣ ጋቢ ከነጠላ በምን እንደሚለይ፣ ዝናር እንዴት እንደሚታጠቅ የሆቴሉን ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጥዬ አሳየኋቸው። ጻፉት። ጋሼ ስምንተኛውን ሰው ሠርተው እንደሚልኩላቸው ነገሯቸው፤ ሰውዬው ግን በትሕትና እምቢ አሉ። በእነሱ ሕግ አዲስ ሰው ከአሮጌ ጋር አይቆምም፤ ቀለም ማደስም ነውር ነው። ሰባት ከሆኑ ሰባት ናቸው።

በዚያ ክረምት ጋሼ የራሳችንን ኢትዮጵያውያን እንሥራ አሉኝ። አሁን ወቃሹ እኔ ሆንኩ። የመጀመሪያው ማስተር ነጠላው እንደ ሮማዊ መጎናጸፊያ ወርዶ ነበር፤ ተፈቀ። ጋሻው በዛ፤ ቀነስነው። ጎፈር የሚያጠልቀው አንድ ሰው ብቻ ይሁን አልኳቸው፤ አለቃው። ዝናሩን በተመለከተ አዲስ አበባ ለእናቴ ደወልኩ፤ እናቴ "ለምንድን ነው የምትጠይቀኝ?" አለች፤ የማወራው ስለ አሻንጉሊት መሆኑ ሲገባት ስልኩ ውድ መሆኑን አስታውሳ ገሠጸችኝ፤ ቢሆንም ዝናሩን ነገረችኝ። ኢጣሊያኖቹን አንሠራም ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ጋሼ "ወንድሜ ይሥራቸው" አሉ። ወንድማቸው ከሞቱ ቆይተዋል።

ሳጥኑ ቺካጎ ሲደርስ መምህሩ አጉሊ መነጽራቸውን አውጥተው አዩ። ቁልፍ የለው፣ ምን ይቆጥራሉ? ወደ እኔ ዞረው "ማረጋገጥ የምችለው ነገር ስለሌለ ካንተ እገዛለሁ" አሉኝ።

ያን ሆቴል ያሞቁ የነበሩት ሰዎች በ1930ዎቹ፣ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ወለል ላይ የተጫወቱ ልጆች ናቸው። ዕድሜ ነዋ። ኮሪደሩ ላይ የሚዘጋ በር መታየት ጀመረ። ታንጂር ባለው ቤቱ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ወታደሮችን ለሕዝብ ያሳይ የነበረው አሜሪካዊው ባለጸጋ ማልኮም ፎርብስ በ1990 ሞተ፤ ስብስቡም ኋላ በጨረታ ተበተነ። የትንንሾቹም ሰብሳቢዎች ዕጣ ያው ሆነ። ልጆቻቸው ቦታ የላቸውም፣ ፍላጎትም የላቸውም። አንዳንዱ ስብስብ ደግሞ ቁም ሣጥን ውስጥ እያለ ነው የሚጠፋው፤ የባሉጥ እንጨት የሚያወጣው አሲድ እርሳሱን ይበላውና ወታደሩ ወደ ግራጫ ዱቄት ይለወጣል። ሰብሳቢዎች የእርሳስ በሽታ ይሉታል። ሠሪዎቹም ተለወጡ። ሥራው ወደ ቻይና ሄደ፤ አዲሶቹ ወታደሮች አያብረቀርቁም፣ ልብሳቸው ላይ ጭቃ አለ፣ ፊታቸው ላይ ጺም ሳይቀር የነጠላ ጸጉር ጥላ አለው፣ አንዳንዱ ቆስሎ ደሙ ይታያል። እጅ በአፍ የሚያስጭን ሥራ ነው፤ አልክድም። እኔ ግን የቆሰለ ሰው መደርደሪያዬ ላይ ማቆም አልፈልግም።

የጋሼ እጅ በመጨረሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ዓይን መሥራት አቆሙ፣ ቀጥሎ ቀበቶ፣ ከዚያ መደብ ቀለም ብቻ ይቀቡ ጀመር። ካረፉ በኋላ እትዬ ማሽኑን ለአንድ ጎበዝ ወጣት ሸጡት። ወጣቱ የሚሠራው የሞተር ብስክሌት ጌጥ ነው። የጎማዎቹ ሞልዶች ደርቀው ተሰነጣጥቀው ስለነበር የወሰዳቸው የለም።

እኔ ስቴኪኒውን ካስቀመጥኩ ቆይቻለሁ፤ ግን የጨረታ ቤቶችን ድረ ገጽ ማየት አልተውኩም። ባለፈው ዓመት አንድ ሳጥን አየሁ። ባዶ እግራቸውን የቆሙ ነጭ ለባሾች፣ ጎፈር ያጠለቀ አለቃ፣ ዝናሩ እናቴ እንደነገረችኝ። ከሥሩ "ኢትዮጵያውያን፣ ምናልባት 1930ዎቹ፣ ሠሪው ያልታወቀ" የሚል ተጽፏል። ጻፍኩላቸው፤ 1930ዎቹ አይደለም፣ ሠሪውም የታወቀ ነው፣ ዓይናቸውንም የሠራሁት እኔ ነኝ ብዬ። ማስረጃ ጠየቁኝ፤ የጓሮዋን ቤት ፎቶ ላክሁ። አመስግነው አስተካከሉት፤ ከሠላሳዎቹ ወደ ዘጠናዎቹ ሲወርድ የዋጋ ግምቱም አብሮ ወረደ። በኋላ ተሸጧል የሚል ምልክት ወጣበት። ገዢው ማን እንደሆነ፣ ቢያንስ ከየት አገር እንደሆነ ልጠይቅ ደወልኩ፤ ነጠላውን በትክክል አጣፍተነው እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው ሊሆን ይችላል ብዬ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ በጣም ትሑት ነበረች። የደንበኛ ምስጢር ነው አለችኝ።